የለማዳ አይጥ ፍቅር የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም

ለማዳ አይጥ አሳዳጊዋ ወደ ክፍሉ ሲገባ ከተኛችበት ጨርቅ ውስጥ ወጥታ የሽቦ ቤቷን በር በፊት እግሮቿ ትይዛለች። በሩ ሲከፈትላት እጁ ላይ ትወጣለች፣ በእጅጌው በኩል ወደ ትከሻው ትዘልቃለች፣ ጣቶቹን ትልሳለች፣ የቅንድቡን ፀጉር በፊት ጥርሶቿ ቀስ አድርጋ ታበጥራለች። ደክሟት አንገቱ ሥር ስትሸጎጥ ጥርሶቿን እርስ በርስ ታፋጫለች። የመንጋጋዋ ጡንቻ ከዓይኗ ጀርባ ስለሚያልፍ፣ ማፋጨቱ ሲፈጥን ዓይኖቿ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይርገበገባሉ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ታማለች ብሎ ይደነግጣል። አይጥ ያሳደገ ሰው ግን በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚያየው እንስሳዋ ፍጹም መረጋጋቷን እንደሆነ ያውቃል።

ስለዚህ ግንኙነት በሰፊው የሚነገረው ግን ሌላ ነው። አይጥ ሰውን አትወድም፣ የምትወደው የሚሰጣትን እህል ነው ይባላል። አሳዳጊው ፍቅር የሚለው ነገር ብቸኝነቱ የፈጠረበት ምኞት ነው፤ እንስሳዋ ዘንድ ያለው ረሃብና ልማድ ብቻ ነው ይባላል። ይህን የሚለው አይጥ የሚጸየፍ ሰው ብቻ አይደለም። ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች፣ የተማሩ ሰዎች፣ አንዳንዴም ስለ እንስሳት የሚጽፉ ባለሙያዎች ይጋሩታል። የሳይንስ ጥንቃቄ መስሎ ስለሚቀርብም ማስረጃ አምጣ የሚለው አይገኝም። ማስረጃ ሲጠየቅ ግን አይጸናም። ካለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ፣ በጀርመን፣ በካናዳና በጃፓን የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት አይጥ ከሰው ጋር የሚኖራት ቅርበት ከምግብ የተለየ የራሱ ዋጋ እንዳለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት የሚነገረው ስለየትኛዋ አይጥ እንደሆነ መለየት አለበት፤ ክርክሩ ገና ከመጀመሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በቤት የምታድገው ለማዳ አይጥ የቡናማዋ አይጥ ዘር ናት፤ ሳይንስ ራቱስ ኖርቬጂከስ ይላታል። በ14ኛው መቶ ዘመን አውሮፓን ባጠፋው ወረርሽኝ ስሟ የሚነሳው ግን ጥቁሯ አይጥ፣ ራቱስ ራቱስ፣ ናት። ቡናማዋ በአውሮፓ የተስፋፋችው ከዚያ ወረርሽኝ አራት መቶ ዓመት ገደማ ዘግይታ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። በሽታውን ከአይጥ ወደ ሰው የምታሻግረው ቁንጫ መሆኗን ፈረንሳዊው ፖል ሉዊ ሲሞን በ1898 አሳይቷል። በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ በመካከለኛው ዘመን ለነበረው ፈጣን ስርጭት የሰው ቅማልና ቁንጫ የተሻለ ማብራሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክቷል። እንግዲህ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ዛሬ በአንድ ሕፃን ትከሻ ላይ የተኛችው እንስሳ የምትጠላው የሩቅ ዘመዷ ተጠርጥራበት በነበረ፣ አሁን ደግሞ ጥርጣሬው ራሱ አከራካሪ በሆነበት ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያም በየቤቱ ጣሪያ ላይ የምትሮጠው በአብዛኛው ጥቁሯ አይጥ ናት። ማሳ የሚያወድሙት ደግሞ የሀገሩ የሜዳ አይጦች ናቸው። ጎተራው ተበልቶ ያደረ ገበሬ አይጥን ቢጠላ በቂ ምክንያት አለው፤ ጥላቻው ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ያ ምክንያት በሌላ ሀገር፣ በሌላ ቤት፣ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ከሰው እጅ ስትበላ ስለኖረች ሌላ እንስሳ ምንም አይናገርም።

ለማዳዋ አይጥ የመጣችበት ታሪክ በደንብ ይታወቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለንደን ውስጥ አይጦችን ጉድጓድ ውስጥ ለቅቆ ውሻ ስንቱን እንደሚገድል መወራረድ የተለመደ መዝናኛ ነበር። ለዚህ ጨዋታ አይጥ እያጠመዱ የሚያቀርቡ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ አይጥ አጥማጅ ነኝ ይል የነበረው ጃክ ብላክ፣ ያልተለመደ ቀለም ያላቸውን እየለየ ያረባና ለማሳደጊያ ይሸጥ ነበር። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሂው ስለ ለንደን ድሆችና ሠራተኞች በጻፈው ሥራው ሰፋ አድርጎ መዝግቦታል። በ1901 ሜሪ ዳግላስ የተባለች እንግሊዛዊት የአይጥ አርቢዎችን ወደ ብሔራዊው የትንንሽ አይጦች (ማውስ) ክበብ ትርኢት አስገባች፤ በ1976 ደግሞ ለዚችው እንስሳ ብቻ የቆመ ብሔራዊ ማኅበር በብሪታንያ ተቋቋመ። በአሜሪካ ፊላዴልፊያ የሚገኘው የዊስታር ተቋም በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለምርምር ያረባቸው ነጫጭ አይጦችም የዚህችው ቡናማ አይጥ ልጆች ናቸው።

ዱር የነበረን እንስሳ ሰው ወዳጅ ማድረግ ምን ያህል ሥር እንደሚይዝ የሚያሳይ ሥራ በሳይቤሪያ ኖቮሲቢርስክ ከ1972 ጀምሮ ተካሂዷል። ተመራማሪዎቹ ከዱር የተያዙ ቡናማ አይጦችን ለሁለት ከፍለው፣ በአንደኛው ወገን ለሰው እጅ እጅግ ገር የሆኑትን፣ በሌላው ወገን እጅግ ቁጡ የሆኑትን ብቻ በየትውልዱ እየመረጡ አራቡ። ገሮቹ በመጨረሻ ሰው ሲያነሳቸው የማይቃወሙ ሆኑ። ቁጡዎቹ የተዘረጋላቸውን ጓንት ዘለው ይነክሳሉ። ግልገሎቹን በሁለቱ ወገን እናቶች መካከል አቀያይሮ ማሳደግ እንኳ ይህን ልዩነት ሊያጠፋው አልቻለም። ከእጅ ጋር መስማማት በዘር የሚተላለፍ ባሕርይ ሆኗል ማለት ነው። ለማዳዋ አይጥ ሰውን የምትቀርበው ተፈጥሮዋን ከድታ አይደለም፤ ይህ አሁን ተፈጥሮዋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር፣ ወደ ምግቡ። አይጥ ወደ ሰው የምትመጣው ለምግብ ብቻ ከሆነ፣ ምግብ በሌለበት መምጣት የለባትም። ይህ በቀላሉ ሊፈተን የሚችል ነገር ነው፤ ተፈትኗልም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ትውልደ ኢስቶኒያው ያክ ፓንክሴፕ በኦሃዮ በሚገኘው ቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ ከጄፍሪ በርግዶርፍ ጋር ሆኖ ወጣት አይጦችን በእጁ መኮርኮር ጀመረ። የአይጥ ግልገሎች ሲታገሉ አንዱ የሌላውን ማጅራት ይነካና ገልብጦ በጀርባው ያስተኛዋል። የተመራማሪው እጅም ያንኑ አደረገ፤ ማጅራታቸውን ነካ ነካ ያደርጋል፣ ገልበጥ ያደርጋቸዋል፣ ሆዳቸውን ይኮረኩራል። አይጦቹ በ50 ኪሎኸርዝ አካባቢ ባለ ድምፅ በብዛት መጥራት ጀመሩ። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ስለማይሰማ ድምፁ የሚታወቀው በልዩ መሣሪያ ብቻ ነው። ይህ ጥሪ አይጦች ሲጫወቱ የሚያሰሙት ነው፤ ሲፈሩ የሚያሰሙት ሌላ፣ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ የሆነ ዝቅ ያለ ድምፅ አላቸው። ኩርኮራው ሲቆም አይጦቹ እጁን ተከትለው ሮጡ፤ እንደገና እንዲነካቸው። እጁ ላይ ፍርፋሪ አልነበረም። ፓንክሴፕ ድምፁን ከሳቅ ጋር ሲያዛምደው ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ አይጥ ትስቃለች ማለት ለሳይንስ አሳፋሪ መሰላቸው። ስያሜው አጠራጣሪ ነው ቢባል እንኳ ውጤቱ አልተናደም። ይልቁንም አይጦች ይህን ድምፅ ተቀድቶ ለመስማት ሲሉ እንደሚደክሙ በኋላ ታየ።

ጥሪው የቆዳ መነካት የሚያመጣው ደመነፍሳዊ ምላሽ ነው የሚል ተቃውሞ ቀረበ። ለዚህ መልስ የሰጡት በርሊን ይሠሩ የነበሩት ሺምፔ ኢሺያማና ሚካኤል ብሬኽት ናቸው። በ2016 ባሳተሙት ሥራ አይጦቹን ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ፣ በኃይለኛ ብርሃን ሥር አድርገው ኮረኮሯቸው። እጁ ያው፣ አነካኩም ያው ነው፤ ጥሪው ግን እጅጉን ቀነሰ፣ ለኩርኮራው መልስ የሚሰጡት የአንጎል ሕዋሳት እንቅስቃሴም ቀዘቀዘ። የፈራ እንስሳ አይጫወትም። ከቆዳ ብቻ የሚነሳ ግብረ መልስ ቢሆን ኖሮ ለፍርሃት ቦታ ባልሰጠ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው ግን ያው የበርሊን ቡድን በ2019 ያሳተመው የድብብቆሽ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 30 ካሬ ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ መደበቂያ ሳጥኖችና ጥግ ጥጎች አዘጋጁና ወጣት አይጦችን ከአንድ ሰው ጋር ድብብቆሽ አስተማሩ። አይጧ መነሻዋ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶባት ጨዋታው ከጀመረ ፈላጊ ናት፤ ሰውየው ይደበቃል፣ ሳጥኑ ከሩቅ ይከፈታል፣ እሷም ትፈልገዋለች። ሳጥኑ ክፍት ሆኖ ሰውየው አጠገቡ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ተደባቂዋ እሷ ናት። ከስድስቱ አይጦች ሁሉም መፈለግን፣ አምስቱ ደግሞ መደበቅንም ተማሩ። ይህን ለመማር የወሰደባቸው ሳምንታት ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ይበልጥ ይናገራል። ፈላጊ ሲሆኑ ክፍሉን በዘዴ ያስሱ ነበር። ተደባቂ ሲሆኑ ብርሃን ከሚያሳልፈው ሳጥን ይልቅ የማያሳልፈውን ይመርጡ ነበር። ሲፈልጉና ሲያገኙ የጨዋታ ጥሪያቸውን በብዛት ያሰማሉ፤ ሲደበቁ ግን ጸጥ ይላሉ። ተገኝተው የሚጠብቃቸው ሽልማት አንድም ቀን ምግብ አልነበረም፤ ያገኛቸው ሰው ኮርኩሮ ያጫውታቸዋል፣ አለቀ። አንዳንዶቹ ደግሞ ከተገኙ በኋላ ሮጠው እንደገና ይደበቁ ነበር። ሽልማቱ ወዲያው እንዲሰጣት ብቻ የምትፈልግ እንስሳ ለምን ሽልማቷን ታዘገያለች? ለዚህ ጥያቄ የምግቡ ማብራሪያ መልስ የለውም። ኩኩሉ ተጫውቶ ያደገ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ የተፈለገው ጨዋታው ራሱ ነው።

ጨዋታው ከማንም ሰው ጋር ቢሆን ለአይጧ ግድ አይሰጣትም የሚል ካለ ደግሞ በካናዳ ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ የሃንክ ዴቪስና የባልደረቦቹ ጥናት አለ። በ1997 ባወጡት ሥራ አይጦች ቀድሞ ያቀፋቸውን ሰው ከማያውቁት ለይተው ወደሚያውቁት እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። በጃፓን የሾታ ኦካቤና የባልደረቦቹ ሥራ ደግሞ ወደ አካሉ ውስጥ ይገባል። በሰው እጅ የተዳበሱና የተኮረኮሩ አይጦች ከእጁ ጋር ይተሳሰራሉ፣ ያን ጊዜም በአንጎላቸው የኦክሲቶሲን ሥርዓት ይነቃቃል። በእናትና በልጅ፣ በአጋሮች መካከል ትስስር ከሚሠሩት መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የፍርዱ አድልዎ ይወጣል። በ2015 ሌሎች የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ዘንድ ኦክሲቶሲን እንደሚጨምር ሲያሳዩ ዓለም በደስታ ተቀበለው፤ ውሻ ይወደኛል ለሚለው ሰው ማረጋገጫ ሆነለት። ያው ንጥረ ነገር በአይጥ ሲገኝ ግን ኬሚካል ብቻ ነው ተባለ። አንድ ዓይነት ማስረጃ ለአንዱ ፍቅር፣ ለሌላው ኬሚስትሪ የሚሆንበት ምክንያት ጅራቱ ፀጉር አልባ መሆኑ ካልሆነ በቀር ሌላ አይታይም።

በምግብ ብቻ የማብራራቱ ሐሳብ የተሸነፈበት ሌላ መስክም አለ፤ እሱም የሰው ልጅ ራሱ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሕፃን እናቱን የሚወደው ስለምታጠባው ነው የሚለው አስተሳሰብ በሥነ ልቦና ትምህርት ገኖ ነበር። ሃሪ ሃርሎው በዊስኮንሲን የጦጣ ግልገሎችን ከእናቶቻቸው ለይቶ ሁለት ሰው ሠራሽ እናቶች አቀረበላቸው፤ አንዷ ከሽቦ የተሠራች ሆና ወተት አላት፣ ሌላዋ በለስላሳ ጨርቅ የተሸፈነች ሆና ወተት የላትም። ግልገሎቹ ጠብተው ይመለሱና ቀኑን ሙሉ ጨርቋን አቅፈው ይውሉ ነበር። ሙከራው ጨካኝ ነበር፣ ዛሬ ቢደገም የሚፈቀድ አይደለም። ነገር ግን ከ1958 በኋላ ፍቅር የሆድ ተቀጥላ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አስቸጋሪ ሆነ። ለሕፃን የተጣለው ሐሳብ ለአይጥ ሲሆን እንደ ጥበብ መነገሩ ሊያበቃ ይገባዋል።

አይጥ ለአይጥ ምን ያህል ዋጋ እንደምትሰጥም ታይቷል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኢንባል ቤን-አሚ ባርታልና ባልደረቦቿ በ2011 አንዲትን አይጥ ከውጭ ብቻ በሚከፈት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ዘጉባት። አብራት የምትኖረው ሌላዋ አይጥ ማንም ሳያሠለጥናት በሩን መክፈት ተማረች። ባዶ ቱቦ ሲቀርብላት ግን ያን ያህል አልደከመችም። አጠገቡ ቸኮሌት የተቆለፈበት ሌላ ቱቦ ሲቀመጥም ሁለቱንም ከፈተች፤ ቸኮሌቱን ብቻዋን መጨረስ ስትችል ለተፈታችው ጓደኛዋ አስቀረችላት። ተቺዎች ርኅራኄ አይደለም፣ የፈለገችው አብሮነቱን ነው አሉ። ለዚህ ክርክር ግን ትችቱም ድጋፍ ነው። የምትወደው ቸኮሌት አጠገቧ እያለ አብሮነትን የምትፈልግ እንስሳ ለምግብ ብቻ ነው የምትኖረው ሊባልላት አይችልም።

በዚህ ሁሉ ምግብ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። አዲስ የመጣችን አይጥ ለማልመድ እርጎ የተቀባ ጣት መዘርጋት የተለመደ ነው፣ ይሠራልም። ምግብ የመጀመሪያውን ፍርሃት ያስለቅቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን በምግብ አይመዘንም። የአይጧ ባሕርይ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት መሆኑም እውነት ነው። ጥርስ ማፋጨት አንዳንዴ የሕመም ወይም የጭንቀት ምልክት ሊሆን ይችላል። በአሳዳጊዋ እጅ ላይ ስትሄድ የምትተወው የሽንት ጠብታ የሽታ ምልክት ማኖሪያዋ ነው፤ ይህንንም ያለ ምንም ማጋነን እንደዚያው መቀበል ነው። ፊቷን የሚያነብ ግን ባዶ እጁን አይመለስም፤ በ2016 በወጣ ጥናት በተኮረኮሩ አይጦች ላይ ጆሮዎቻቸው ዘንበልና ቀላ ብለው ታይተዋል። አይጧ ስለ ሰው በውስጧ ምን እንደምታስብ ማንም ሊናገር አይችልም። ስለ ውሻም ቢሆን አይችልም። የሚቻለው የምትመርጠውን፣ የምትከተለውንና የምትደክምለትን ማየት ነው፤ እሱም በቂ ነው።

ትስስሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅም የክርክሩ አካል ነው፤ አይጥ ሰው አትወድም የሚሉ ብዙዎች ያዩት በችኮላ የተያዘችን አይጥ ነውና። አይጥ አዲስ ነገርን በተፈጥሮዋ ትጠራጠራለች፣ ከላይ ድንገት የሚወርድ እጅ ደግሞ እንደ አሞራ ያስፈራታል። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች እጃቸውን ከጎን ያስገባሉ፣ የለበሱትን ያረጀ ካናቴራ መኝታዋ ውስጥ ያኖሩላታል፣ ሽታቸውን እስክትለምድ ይታገሣሉ። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ለቤተ ሙከራ አይጦች በቀን 15 ሰከንድ ኩርኮራ ለሦስት ቀን መስጠት ብቻ እንኳ የሚታይ ጥቅም እንዳለው አሳይቷል። አሥራ አምስት ሰከንድ የሚያስገኘውን ነገር በየቀኑ አንድ ሰዓት አብሯት የሚውል ሰው ምን ያህል እንደሚያገኝ መገመት አይከብድም።

ከአይጥ ወዳጆችም ዘንድ የሚመጣ ስሕተት አለ፤ ከጠላቶቿ አባባል ይልቅ እንስሳዋን የሚጎዳትም ይኸኛው ነው። አይጥ ብቻዋን ከተያዘች አሳዳጊዋን አብልጣ ትወዳለች ይባላል። ይህ ፍቅርን ከብቸኝነት የሚያስገኝ የተሳሳተ ስሌት ነው። አይጥ የቡድን እንስሳ ናት፤ የምትተኛው ተደራርባ፣ የምትጸዳውም በጓደኞቿ ምላስ ጭምር ነው። በእንቅልፍ ሰዓትና ማለዳ ላይ ሰው ሊሰጣት የማይችለውን አብሮነት የምትሰጣት ሌላ አይጥ ብቻ ናት። የስዊዘርላንድ ሕግ ማኅበራዊ የሆኑ እንስሳት ከዘራቸው ጋር እንዲገናኙ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ሁለትና ሦስት ሆነው የሚያድጉ አይጦች ከሰው አይርቁም። ፍቅሯን ለብቻው ለማግኘት ሲል አይጥን ብቸኛ የሚያደርግ ሰው የሚያገኘው የተጨነቀች እንስሳ መጣበቅን ነው።

የበሽታው ነገር በቁም ነገር መነገር አለበት። የአይጥ ንክሻ ትኩሳት የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በጤነኛ አይጥ አፍ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በ2017 በአሜሪካ ለማዳ አይጦች የሴኡል ቫይረስ ወደ ሰዎች አስተላልፈው ነበር። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አይጧን ከሚታወቅ አርቢ መውሰድ፣ ንክሻን ለሐኪም ማሳየት፣ ትንንሽ ልጆችን ብቻቸውን አለመተው የግድ ነው። ይህ ሁሉ ግን ስለ አያያዝ የሚነገር ነው። ውሻ በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ በአፍሪካና በእስያ ብዙ ሰው እንደሚገድል እየታወቀ ውሻ ሰው አይወድም ያለ የለም። አልበርታ የተባለችው የካናዳ ግዛት ከ1950 ጀምሮ አይጥን ከምድሯ ለማስወጣት በምታደርገው ዘመቻ ለማዳ አይጥ ማሳደግንም ከልክላለች። እህሏን ለመጠበቅ ነው፤ እንደ እርሻ ፖሊሲ ይከበር ይሆናል፣ ስለ እንስሳዋ ባሕርይ የተሰጠ ፍርድ አድርጎ መጥቀስ ግን አይቻልም።

በአፍሪካ ምድር ይህን ክርክር የሚያጠናክር ሥራ አለ። ቤልጂየማዊው ባርት ዌትየንስ በልጅነቱ አይጦች ያሳድግ ነበር፤ ስለ ብልኅነታቸውና ስለ ማሽተት ኃይላቸው የሚያውቀው ከዚያ ነው። ፈንጂ ማሽተት ይችላሉ የሚለውን ሐሳብ ይዞ አፖፖ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ማሠልጠኛውም በታንዛኒያ ሞሮጎሮ ከሶኮይኔ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቋቋመ። እንስሶቹ ከለማዳዋ አይጥ የተለየ ዝርያ፣ ጉንጯ ከረጢት ያላት ግዙፏ የአፍሪካ አይጥ ናቸው። ማጋዋ የተባለው ወንድ አይጥ በካምቦዲያ በሥራ ዘመኑ በጠቅላላው ከ100 በላይ ፈንጂዎችና ያልፈነዱ ተተኳሾች አግኝቷል፤ በ2020ም ከብሪታንያ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። በአዲስ አበባም ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር በሚሠራ ቤተ ሙከራ ሠልጣኝ አይጦች የታማሚዎችን አክታ እያሸተቱ በጤና ጣቢያ ያልተገኘ የቲቢ በሽታን ይለያሉ። እነዚህ አይጦች የሚሠሩት ለምግብ ሽልማት ነው፤ ሥራቸውን የፍቅር ማስረጃ ማድረግ ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን ሥልጠናው የሚጀምረው በምግብ አይደለም። ግልገሎቹ ዓይናቸው እንደተከፈተ ከሰው እቅፍ፣ ከሰው ድምፅ፣ ከመኪናና ከሣር ጋር እንዲላመዱ ይደረጋል። ሰውን ያላመነች አይጥ ፈንጂ ባለበት ሜዳ ላይ በገመድ ታስራ አትሄድም።

የመጨረሻው ክርክር ዕድሜ ነው። ለማዳ አይጥ የምትኖረው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው። ሴቶቹ የጡት ዕጢ በብዛት ያወጣሉ፤ የመተንፈሻ አካል በሽታም ብዙዎቹን በእርጅናቸው ያደክማቸዋል። ለዚህች አጭር ዕድሜ ቀዶ ሕክምና የሚከፍል፣ ሌሊት ተነስቶ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳቅበታል። እንደ ሞኝነት ይቆጠርበታል እንጂ ያደረገው ነገር በየትኛውም ታማሚ አልጋ አጠገብ ሲደረግ የሚመሰገን ነው። ስትሞትበት ደግሞ ሐዘኑን የሚቀበለው ሰው ያጣል። አሜሪካዊው ኬኔት ዶካ በ1989 ማኅበረሰብ ዕውቅና የነፈገው ሐዘን እንዴት እንደሚከብድ ጽፏል፤ ሐዘንተኛው ከጠፋበት ነገር በላይ ማልቀስ እንዳይገባው መነገሩ ይጎዳዋል። የአይጥ አሳዳጊ ሐዘን በትክክል እንዲህ ያለ ነው። ሥራ ቦታው ቀን አይሰጠውም፣ ጎረቤት አይጠይቀውም፣ ጓደኛው ሌላ ግዛ ይለዋል። ትከሻው ላይ ትተኛ የነበረችው እንስሳ ግን ሽታውን ለይታ የምታውቅ፣ ሲገባ በር ላይ የምትጠብቀው አንዲት የተወሰነች አይጥ ነበረች፤ ከገበያ የምትገዛው ሌላዋ ይህን ሁሉ አዲስ ብላ ትጀምራለች። ስለዚህ አይጡ ሞታበት ላዘነ ሰው «አይጥ እኮ ናት» የሚለው መልስ ይቅር፤ «አይዞህ» ይባል።